ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማን ይቀመጣል?

ሀና፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬም ከአዳማ ነን። የምናወራው ስለ ቤተሰብ መኪና ነው። ከፍ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ሰው ሁሉ «ይሄንንማ ባገኝ» የሚለው ዓይነት። ብሩክ ባለ ሰባት ወንበር የቤንዚን መኪና አለው። የእኔ ባለ አምስት ነው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። ስማቸውን አንጠራም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብን።

ብሩክ፦ ወይም ስም ማጥፋት።

ሀና፦ (ሳቅ) እሱም አለ። እስቲ ንገረን፣ ሰባት ወንበር ምን አደረገልህ?

ብሩክ፦ ሦስት ልጆች፣ አማቴ፣ እኔና ባለቤቴ። ስድስት ነን። አንድ ወንበር ይተርፋል ብዬ ነበር። ኧረ የት ይተርፋል! ባለ ሰባት ወንበር መያዝህን ሰፈር ከሰማ አለቀልህ። ለቅሶ ሲኖር አንተ ነህ። መልስ ሲኖር አንተ ነህ። የእድር ወንበርና ድስት ሲጓጓዝም አንተ ነህ።

ሀና፦ «ያው መኪናህ ሰፊ ነው» ይሉሃላ።

ብሩክ፦ እሱን ነው የምልሽ! ክፋት የለውም፣ ለዚሁ ነው የገዛሁት። ግን ነዳጁን የሚያነሳ አንድ ሰው የለም።

ሀና፦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማንን ታስቀምጣለህ?

ብሩክ፦ ልጆችን። አዋቂ ሲገባ ጉልበቱ አገጩ ጋር ይደርሳል። ቢሾፍቱ ድረስ ይቻላል፣ ሐዋሳ ድረስ ግን ቅጣት ነው። ልጆቹ ደግሞ ያንን ቦታ ይወዱታል፣ ማንም አያያቸውማ! ባለፈው ላቫጆ ወስጄው አጣቢው ልጅ ወንበሩን ሲያነሳ የሸንኮራ ልጣጭ ሞልቷል። ከወንጂ መንገድ የገዛንላቸው ነው። የቀበቶው መሰኪያ ውስጥ ሳይቀር ጠቅጥቀውት በካቻቢቴ እየፈለቀቀ አወጣው። ቀበቶው እንቢ ሲለኝ የከረመው ለካ በዚያ ነው።

ሀና፦ ቀበቶው ቀልድ አይደለም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ልጅ ጀርባው ከኋላ በር ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረውም። ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢገጭህ መሐል የሚቀበልልህ ነገር ትንሽ ነው።

ብሩክ፦ ልክ ነሽ። ለዚህ ነው ረጅም መንገድ ሆኖ ሁላችንም ካልሄድን ረድፉን አጥፌ የምሄደው። ሌላም ምክንያት አለ። ሰባት ሰው ሲሞላ ለዕቃ የሚተርፈው የሁለት ፌስታል ቦታ ነው። ሶደሬ ልንውል እንወጣና ድስቱ የማን እግር ስር ይግባ ብለን ግቢ ውስጥ እንከራከራለን።

ሀና፦ ፖርቶ መጋላ ላይ ጫነዋ!

ብሩክ፦ ጭኛለሁ። መኪናው ራሱ ረጅም ነው፣ አናቱ ላይ ስትጭኚበት ደግሞ ይባስ ይወዛወዛል። የአዳማን ነፋስ ታውቂዋለሽ። እነዚያ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። የፍጥነት መንገዱ ላይ ከጎን ሲመታሽ መሪውን ጥብቅ አድርገሽ ትይዣለሽ። 120 ይፈቀዳል ተብሎ 120 አይነዳም።

ሀና፦ ዳገቱስ?

ብሩክ፦ እሱንማ አታንሺብኝ። ከአዳማ አዲስ አበባ ስትሄጂ 700 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ትወጫለሽ። መንገዱ ለጥ ያለ ስለሚመስል ለዓይን አይታይም፣ ሞተሩ ግን ያውቀዋል። የእኔ 1500 ሲሲ ነው፣ አየር በግፊት የሚያስገባለት ቱርቦ የለውም። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ስትደርሺ ፋብሪካው ከጻፈው የፈረስ ጉልበት አንድ አምስተኛው የለም ብለሽ አስቢ። ሰባት ሰው ጭነሽ፣ ኤሲ ከፍተሽ፣ የጭነት መኪና ለመቅደም መሞከር ጸሎት ይፈልጋል።

ሀና፦ በዚህ በኩል እኔ ተገላግያለሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፣ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም። የሚነካው ባትሪውን ነው። ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ፐርሰንቱ ቁልቁል ይሮጣል። ስመለስ ግን እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። በወረደ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይመልስልኛል። ፍሬን ሸራዬም ቶሎ አያልቅም።

ብሩክ፦ ቻርጅ ማድረጉስ? እውነቱን ተናገሪ።

ሀና፦ እውነቱን? ቤት ግድግዳ ላይ ባለው ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ሲያድር 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይገባል። ባትሪዬ 60 ነው። ሲሶውን ሞላሁ ማለት ነው። ለከተማ ከበቂ በላይ ነው፤ ልጆች ማድረስ፣ ሥራ፣ ገበያ። ጣጣው «ነገ በጠዋት አዲስ አበባ ነን» የተባለ ዕለት ማታ መብራት የጠፋ እንደሆነ ነው። ያኔ የአንተን መኪና እለምናለሁ።

ብሩክ፦ እኔም ማደያ ሰልፍ ላይ ስቆም ያንቺን እመኛለሁ። ለነገሩ አሁን የሚገዛ ሰው ምርጫውም ጠቧል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የቤንዚንና የናፍታ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እንደኔ ያለው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ነው። አዲስ ከፈለግሽ ኤሌክትሪክ ነው።

ሀና፦ አብዛኛው ደግሞ ከቻይና ገበያ የመጣ ነው። ስክሪኑ በቻይንኛ ሆኖ ኤሲውን እስክታገኝ ታልባለህ። የቻርጁ መሰኪያም የቻይና ዓይነት ስለሆነ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ያለው ገመድ መግጠሙን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሌላው ከፍታው ነው። ከውጭ ሲታይ ቁመት አለው፣ ባትሪው ግን ወለሉ ስር ተነጥፏል። አምስት ሰው ሲሞላ ዝቅ ይላል። ኮረኮንች ላይ ስገባ ሆዴ ነው የሚላጠው።

ብሩክ፦ ከፍታን ካነሳሽ አማቴን ልንገርሽ። መኪናው ከፍ ያለ ነው ብዬ ስኮራ፣ እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ መውጣት አልቻሉም። አሁን በርጩማ ይዘን ነው የምንሄደው። የኋላ በር ስከፍት መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። ቆመን አስቀምጣለሁ፣ እጃቸውን እይዛለሁ፣ እሳቸው «የድሮው ታክሲ ይሻል ነበር» እያሉ ይወጣሉ።

ሀና፦ (ሳቅ) እሳቸው ናቸው ትክክለኛዋ ገምጋሚ!

ብሩክ፦ የጎማ ነገር ሳልረሳው። የሾፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ለባዶና ለሙሉ ጭነት የሚሞላው ንፋስ ለየብቻ ተጽፏል። ብዙ ጎሚስታ ዝም ብሎ አንድ ዓይነት ነው የሚሞላልሽ። ሰባት ሰው ጭኖ በዚህ ሙቀት፣ በሳሳ ንፋስ መሮጥ ጎማ ያፈነዳል። ወረቀቱን አሳይተሽ አስሞዪ።

ሀና፦ ጥሩ። አንድ ጥያቄ መጥቶልናል። «አራት ነን። እናቴ ከአርሲ አልፎ አልፎ ትመጣለች። ባለ ሰባት ልግዛ ወይ?» ይላል። እኔ ባለ አምስት እላለሁ። ለአልፎ አልፎ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ሁለት የታጠፈ ወንበር ተሸክሞ መዞር ምን ያደርጋል?

ብሩክ፦ እኔም ባለ አምስት። ዘመዶቹ ካልሰሙን።

ሀና፦ ግን ሳትከፍሉ በፊት እናትየዋን ይዛችኋቸው ሂዱ። ይውጡ፣ ይውረዱ። ልጆቹም ከኋላ ይቀመጡ፣ ኤሲው እነሱ ጋ መድረሱን እዩ። ዳገት ላይም ንዱት፣ ሰው እንደሞላ።

ብሩክ፦ ሻጩ «ቤተሰቡ ሁሉ ምን ያደርጋል» ካለስ?

ሀና፦ ሌላ ሻጭ ጋ ትሄዳላችሁ።