አሥራ ሁለት ዘጠኞች

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ካልኩሌተር ነው። ቆይ፣ እንዳትዘጉት!

ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ካልኩሌተር ጭኛለሁ። ስንት አሃዝ ድረስ እንደሚሠራ የምወስነው እኔ ነኝ። ሳይን በሉት ሎጋሪዝም፣ 1000 አሃዝ ካልኩት 1000 ያወጣል። እውነቱን ልናገር፣ የጫንኩት ለጉራ ነበር። ይሄን ሁሉ አሃዝ ምን አደርገዋለሁ?

አንድ ማታ የ163ን ስኩዌር ሩት አወጣሁ፣ በፓይ አባዛሁት፣ ከዚያ ኢ (e) የሚባለውን ቁጥር፣ 2.718 ብሎ የሚጀምረውን፣ በዚያ ፓወር ከፍ አደረግኩት። ካልኩሌተሩ 25 አሃዝ ላይ ነበር። 262537412640768744 አለኝ። ድፍን ቁጥር! ሦስቱም ከነጥብ በኋላ ማለቂያ የሌላቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ታዲያ ተገናኝተው እንዴት ድፍን ይወልዳሉ? ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ እኮ ነው።

እስቲ ብዬ ወደ 40 ከፍ አደረግኩት። መጨረሻው ላይ ያለው 744 ወደ 743 ወረደ። ከነጥቡ በኋላ 12 ዘጠኞች ተሰለፉ፣ ከነሱ ኋላ 25 መጣ። ድፍን አልነበረም። ሻርል ኤርሚት የሚባል ፈረንሳዊ የሂሳብ ሊቅ ደግሞ ይሄን ለድፍን መቅረብ እ.ኤ.አ. በ1859 ደርሶበታል። ያለ ካልኩሌተር! ጩኸቴ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ።

ካልኩሌተሩ አልዋሸኝም። 25 አሃዝ አልኩት፣ 25 ሰጠኝ። 18ቱ ከነጥብ በፊት አለቁ። የቀረው የ7 አሃዝ ቦታ ነው፤ 12 ዘጠኝ እዚያ አይገባም። ስለዚህ አጠጋግቶ ወደ ላይ ወሰደው። ድፍን ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

ዊልያም ሻንክስ የሚባል እንግሊዛዊም ትዝ ይለኛል። ፓይን በእጁ እያሰላ እ.ኤ.አ. በ1873 707 አሃዝ አደረሰ። ከ528ኛው ጀምሮ ግን ስህተት ነበር። ይሄ የታወቀው በ1940ዎቹ ነው፣ እሱ ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ። አንጀቴን ይበላኛል። በሌላ መንገድ ደግሞ ያሰላለት ሰው ቢኖር ኖሮ!

እኔ አሁን ሁሉንም ሁለቴ እሠራለሁ፣ አንዴ በ40፣ አንዴ በ60 አሃዝ። የተስማሙበትን እወስዳለሁ። ያን ማታ በ20 እና በ25 ሞክሬው ቢሆን ግን ሁለቱም ተስማምተው 744 ይሉኝ ነበር። ይሄን ሳስበው እስካሁን ይከነክነኛል።

በሉ፣ ቻው።