የማሳችሁን ምግብ አትናቁ

የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፣ እናቶችና አባቶች፣ የጤና ባለሙያዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የመጣሁት ከማሳችሁ የሚወጣውን ምግብ በታሸገ ምግብ ለመተካት አትቸኩሉ ለማለት ነው። ገንዘብ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ከገበታ ቀድሞ የሚነሳው ጥራጥሬው ነው፤ ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ ቦታውን ይይዛሉ። ይህን እንደ እድገት መቁጠራችን ያሳዝነኛል።

በትልቁ አንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህልና የአትክልት አሰር እነሱ ይመገቡታል፤ ከዚያም ቡቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት በዋናነት ጉልበት የሚያገኙት ከዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ከአእምሮዬ አይወጣም። ተመራማሪዎች 20 ጥቁር አሜሪካውያንንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎችን ለ2 ሳምንት ምግብ አለዋወጧቸው። አሜሪካውያኑ አሰር የበዛበትን፣ ስብ ያነሰበትን የገጠር ምግብ በሉ፤ የገጠሩ ሰዎች ደግሞ ሥጋና ስብ የበዛበትን። በዚያች አጭር ጊዜ የአሜሪካውያኑ አንጀት ብግነት ቀነሰ፣ ቡቲሬታቸውም ጨመረ። በገጠሩ ሰዎች ላይ የታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከአንጀት ካንሰር ስጋት ጋር የሚያያዙ ለውጦች ታዩባቸው። እስቲ አስቡት፣ የባለጸጋ አገር ሰው አንጀት የተሻለው የገጠሩን ምግብ ሲያገኝ ነው!

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። ጥራጥሬ በዚህ የታደለ ነው፤ መሬቱንም ይክሳል። ተክሉን ነቅላችሁ ሥሩን ብታዩት ትናንሽ እባጮች አሉበት። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ፣ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ለተክሉ እየመገቡ ነው።

የገጠር ኑሮ ሁሉ ለአንጀት ይስማማል ማለቴ ግን አይደለም። ውሃው ከተበከለ፣ መጸዳጃ ቤት ከሌለ፣ የልጆች አንጀት እየተጎዳ የበሉትን በወጉ መጠቀም ያቅተዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ አንቲባዮቲክም ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ጭምር ይገድላል። እነዚህን ካላስተካከልን ምግብ ብቻውን አያድነንም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፦ በመጪው ምርት ጥራጥሬውን ሁሉ ወደ ገበያ አታውጡት፤ ለቤተሰብ የሚበቃውን አስቀድማችሁ ለዩ። ሆዱ አሰር ያልለመደ ሰው በጥቂት በጥቂቱ ይጀምር። ደረቁን ጥራጥሬ አሳድራችሁ ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉት፣ በደንብም አብስሉት። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።