አረፋውን ምረጡ

(ለአዲስ የባዮሎጂ ማስተርስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

ክቡራን መምህራኖቼ፣ ውድ አዲስ ገቢዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋትን፣ አልፋችሁ እዚህ አዳራሽ ለመቀመጥ በመብቃታችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ብዙዎቻችሁ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን እንደሆናችሁ ሰምቻለሁ። እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት። ልመዘገብ የመጣሁ ቀን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ጠመኔ ነበር።

ዘመድ አዝማድ ምን እንደሚላችሁ አውቃለሁ። «ባዮሎጂ? ታዲያ ሐኪም ለምን አልሆንክም?» ይህች ጥያቄ ሠርግም ለቅሶም ትከተላችኋለች። እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም፤ እናንተም አትድከሙ። ደመወዝ ላይ ስለምትጨመረው ነገር ደግሞ ሻይ ቤት ብናወራ ይሻላል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ ነው። ባዮስታቲስቲክስ ትንሽ ያስለቅሳል፤ ግን ያልፋል። ሰው የሚሰበረው ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው።

እኔ ፕሮፖዛል ስጽፍ ትልቅ ሰው መሆን አማረኝ። ዲኤንኤ፣ ዲኤንኤን የሚያባዛው ፒሲአር፣ ቅደም ተከተሉን የሚያነበው ሲኩዌንሲንግ እያልኩ በየገጹ ደረደርኩ። አማካሪዬ አንብበው ሲጨርሱ «ለፒሲአሩ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ከየት ይመጣል?» አሉኝ። «ይታዘዛል» አልኩ። ታዘዘ። አንድ ወር ጠበቅኩ፣ ሁለት ወር ጠበቅኩ። መጀመሪያ የውጭ ምንዛሪ፣ ቀጥሎ ጉምሩክ፣ ከዚያ በዓል መጣ። በስድስተኛው ወር ዕቃው ደረሰ። ቀዝቅዞ መምጣት የነበረበት ኢንዛይም ሞቆ ነበር። በዚያው ሳምንት መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሩ ደግሞ ነዳጅ አልነበረውም። ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጥኩት ናሙና አለቀለት። ማንንም አልወቅስም። እጄ የማይደርስበትን ነገር የመረጥኩት እኔው ነኝ።

አማካሪዬ ጋ ሄጄ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። እሳቸው አላጽናኑኝም። «የምትኖርበት ግቢ በርሜል አለ?» ብቻ አሉኝ። ውሃ በሳምንት አንዴ በምትመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ግቢ የት ይገኛል? «በል ክዳኑን ከፍተህ ያየኸውን ንገረኝ» አሉኝ።

ከፈትኩት። የትንኝ እጭ ይርመሰመሳል። ነጭ ጭልፋ ገዛሁና ቁጭ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አከራዬ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ማስተርስ የሚባለው ትል መቁጠር ነው እንዴ?» አሉኝ።

አዎ፣ ነው። ኩሌክስ የሚባለው ትንኝ እጭ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ከውሃው ገጽ ይንጠለጠላል። ወባ የሚያስተላልፈው የአኖፊለስ እጭ ግን ውሃው ላይ ልክ አልጋ ላይ እንዳለ ሰው ይጋደማል። ማይክሮስኮፕ ሳይነኩ በዓይን የሚለይ ነገር ነው። አራት ወር ከግቢ ግቢ ዞሬ ይህን ቆጠርኩ። የተመረቅኩትም በሱ ነው።

በርሜልን ደግሞ እንዳትንቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። ይህ ትንኝ የእስያ ከተሜ ነው። ነባሩ የወባ ትንኛችን ዝናብ ያቆረውን ውሃ ሲፈልግ፣ እሱ ሮቶና በርሜል ይበቃዋል። ወባን የገጠር ቆላ በሽታ አድርገን ስናስተምር ኖረን፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው ወባ ከዚሁ ትንኝ ጋር ተያያዘ። የትንኙን ማንነት ያረጋገጠው የዲኤንኤ ምርመራ መሆኑን አልደብቃችሁም። ፒሲአርን አልጠላሁም። ማሽኑና ኢንዛይሙ ቤተ ሙከራችሁ ውስጥ ካለ ሥሩበት። ከሌለ ግን በተስፋ ላይ ፕሮፖዛል አትጻፉ።

ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ለተማሪዎቻችሁም አስተምራችኋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ያጥባሉ። ከሚታጠብበት ቦታ በታች በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሞቶ ይታያል፤ ከበላይ ያለው በሕይወት አለ። ይህን ስንት መንገደኛ አይቶት አልፏል! እሳቸው ግን ሕያው ቀንድ አውጣ ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ አስጨመሩበት። ሞተ። ከዚያ በኋላ የመጣው የቤተ ሙከራ ሥራ፣ የመርዛማነት ጥናት፣ ከውጭ ድርጅቶች ጋር የነበረው ክርክር፣ ዓመታት በላ። ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት በ1989 ነው።

ከአረፋው እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት። ለእናንተ የተሰጣችሁ ሁለት ነው። አረፋውን ብቻ ምረጡ።

በነገራችን ላይ፣ እንዶድ እንደሚያጸዳ ሳይንስ አይደለም ለሴቶቹ የነገራቸው። የባህል መድኃኒት ላይ ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ን ቀድማችሁ አንብቡ። የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት አለው። አዋቂዎቹም በመጀመሪያው ቀን ምንም አይነግሯችሁም። ሦስቴ ተመላለሱ፤ ቡናም ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። የመስክ ማስታወሻችሁን በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈስሳል። ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁም የቀደሙትን ተማሪዎች ቴሲስ ከመጨረሻው ጀምራችሁ አንብቡ። «ወደፊት ቢጠና» ብለው የተዉት ጥያቄ እዚያ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የሚወስደው አጥቶ ነው።

የመጀመሪያው የመስክ ጉዞ ቅዳሜ ነው። መኪናው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከዋናው በር ይነሳል። ቦቲ ጫማ የሌላችሁ ከጥበቃዎቹ ተዋሱ። ሹፌሩ ሰው አይጠብቅም፤ እኔንም አንድ ቀን ከነጭልፋዬ ጥሎኝ ሄዷል።