አጭሩ ሜዳ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ስለ ዲስክ ጎልፍ ነው። በተለይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሚሠሩት፣ ለጀማሪ ስለሚመቹት አጫጭር ሜዳዎች።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ከመነሻው ላይ ዲስክ፣ ማለትም ጠፍጣፋ ክብ ፕላስቲክ፣ ትወረውራላችሁ። ካረፈበት ሄዳችሁ እንደገና ትወረውራላችሁ። መድረሻው ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ነው። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። አለቀ።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች አጭር ሜዳ ሲያዩ "ይሄማ የልጆች ነው" ይላሉ። እኔ ግን በጣም ነው የምወደው። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ጀማሪ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ድራይቨር፣ ማለትም ለሩቅ ውርወራ የሚሠራው ዲስክ ነው። ሩቅ ይሄዳል ሲባል ሰምቷላ! ግን ድራይቨር ጠርዙ ስል ነው፤ በደንብ የሚበረው በኃይል ሲወረወር ብቻ ነው። ክንዳችሁ ያንን ፍጥነት ካልሰጠው ገና ሳይርቅ ይታጠፍና ይወድቃል። ቀኝ እጃችሁን ወደ ደረታችሁ ስባችሁ ከወረወራችሁ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው። ብዙ ዲስኮች ላይ አራት ቁጥር ታያላችሁ። የመጀመሪያው ዲስኩ የሚፈልገው ፍጥነት ነው። አሥራ ምናምን የሚል ካያችሁ ለጊዜው ተዉት። ፑተር (የቅርብ ውርወራ ዲስክ) ወይም ሚድሬንጅ (የመካከለኛ ርቀት ዲስክ) ያዙ፤ ከ2 እስከ 5 ያለው ይበቃችኋል።

ፑተር እውነቱን ይነግራችኋል። እጃችሁ ዘንበል ካለ ዲስኩም ዘንበል ብሎ ይሄዳል። ቀጥ ካለ ቀጥ ይላል። ረጅም ሜዳ ላይ ጀማሪ በፑተር ልጀምር ቢል መንገዱ አያልቅለትም። ከመነሻ እስከ ቅርጫት ስድሳ ሰባ ሜትር በሆነበት ቦታ ግን ይችላል። ቶሎ ቅርጫቱ አጠገብ ይደርሳል። ጨዋታው ደግሞ የሚጣፍጠው እዚያ ነው። ከ10 ሜትር ወዲህ ስትሆኑ ዲስኩን ከለቀቃችሁ በኋላ ሚዛናችሁን ሳትይዙ ወደፊት መራመድ አይፈቀድም። ረጋ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። ከዚያ ሰንሰለቱ ሻሻሻ ሲል... ያን ድምፅ ሰምቶ ፈገግ የማይል ሰው አላየሁም።

ቅርጫቱን ካነሳን አይቀር፣ ኤድ ሄድሪክን ማመስገን አለብን። በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክ ግሮቭ በሚባል ፓርክ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ የሠራው እሱ ነው። ያኔ ዒላማው ተራ ምሰሶ ነበር። ነካ፣ አልነካም የሚል ክርክር አይጠፋም። በኋላ እሱው ሰንሰለትና ቅርጫት ሲያመጣ ክርክሩ ቀረ፤ ዲስኩ ወይ ውስጥ አለ ወይ የለም። ሄድሪክ በ2002 ሲያርፍ አመዱ በኑዛዜው መሠረት ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠራበት። እንዲህም የሚወደድ ነገር አለ።

ወደ ግቢው ልመለስ። ግቢ ውስጥ ሰው ይበዛል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ ተማሪ ድንገት በመካከል ያልፋል። እሱ ጨዋታ እንዳለ እንኳን አያውቅም። ስለዚህ ቅድሚያው የእግረኛው ነው፤ ሁሌም። መንገዱ ሳይጸዳ ዲስክ ከእጅ አይወጣም። ሕንፃ ከከለላችሁ አንዳችሁ ቀድማችሁ ሄዳችሁ እዩ። መጠበቁ ያሰለቻል የሚሉ አሉ። እኔ ቅጠሉን አይቼ ነፋሱ በየት በኩል እንደሆነ የማጠናው ያኔ ነው።

ደግሞ የሚያልፈው ሰው ሁሉ አያልፍም። አንዳንዱ ይቆማል። "ይሄ ነገር ምንድን ነው?" ይላል። ዲስክ ትሰጡታላችሁ፣ አንዴ ይሞክራል። ከከተማ ወጣ ያለ ጫካ ውስጥ በተሠራ ሜዳ ይሄ አይገኝም፤ እዚያ የሚመጣው ጨዋታውን ቀድሞ የሚያውቅ ነው። ግቢ ውስጥ ግን ከክፍል ወጥቶ ወደ ካፌ የሚሄድ ልጅ ተጫዋች ይሆናል።

ለዚህ ነው "ቅርጫቶቹን እናርቃቸው፣ ሜዳው ቀለለን" የሚለውን ሐሳብ የምቃወመው። የቀለላችሁ ካላችሁ ከኋላ ሁለተኛ መነሻ ይሠራላችሁ። ብዙ ሜዳዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ቅርጫቱ እዚያው ይቆያል፣ እናንተ ከሩቅ፣ ጀማሪው ከቅርብ ትወረውራላችሁ። አብራችሁም መጫወት ትችላላችሁ። የፊተኛውን መነሻ ግን እባካችሁ አትንኩት።