ኮላው አላጠፋም፦ ስለ አልጋ ራስጌ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የአልጋ ራስጌ በገዛ እጅ ስለመሥራት ካወራን ወዲህ ስልኩ ጋብ አላለም። ደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች መርጬ እመልሳለሁ።

«ስድስት ጣውላ ጎን ለጎን በኮላ አጣብቄ ራስጌ ሠራሁ። እንዳይጣመም ብዬ ከጀርባው ሁለት አግዳሚ እንጨት በኮላም በብሎንም አሰርኩበት። አየሩ ሲደርቅ ሰሌዳው ከመሃል ተሰነጠቀ። ኮላው ነው መጥፎው?»

ኮላው ምንም አላጠፋም እህቴ። ችግሩ እንዲያውም አጥብቆ መያዙ ነው። እንጨት ተቆርጦም፣ ተልጎም፣ ቫርኒሽ ተቀብቶም እርጥበት መሳብና መልቀቁን አይተውም። ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ የሚሆነው ግን በወርዱ ነው። በርዝመቱ የሚመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሰሌዳ ከእርጥቡ ወቅት እስከ ደረቁ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል። አግዳሚው ደግሞ በርዝመቱ ሰሌዳውን አቋርጦ ስለሚሄድ ንቅንቅ አይልም። አንዱ ልጥበብ ይላል፣ ሌላው አልለቅም ይላል። የሚሰነጠቀው ሰሌዳው ነው።

ጣውላ ከጣውላ በኮላ ማጣበቅሽ ልክ ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነው የሚያብጡት። አግዳሚውን ግን ኮላ አታስነኪው፣ በብሎን ብቻ እሰሪው። የመሃሉ ብሎን ጠበቅ ይበል። የዳርና ዳሩ ቀዳዳ አግዳሚው ላይ ሞላላ ይሁን፤ ሁለት ቀዳዳ አጠገብ ለአጠገብ በስተሽ መሃሉን በሞረድ ማገናኘት ነው። ከብሎኑ ራስ ሥር ሮንዴላ፣ ማለትም መሃሉ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ክብ ብረት፣ አድርጊና ብዙ አታጥብቂው። ሰሌዳው ሲጠብና ሲሰፋ ብሎኑ እዚያች ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላል።

የተሰነጠቀውን በስቱኮ እንዳትሞዪው! እርጥበት ሲመጣ ሰሌዳው አብጦ ስቱኮውን ገፍቶ ያወጣዋል። አግዳሚዎቹን በመሮ ፈልቅቂ። ከዚያ በስንጥቁ መስመር ሰሌዳውን በመጋዝ ለሁለት ክፈይው፣ ጠርዙን ላጊና መልሰሽ አጣብቂው። ያን ያህል ከለፉበት በኋላ መጋዝ ማንሳት ያንገበግባል፣ አውቃለሁ።

«ሌሊት በተገላበጥኩ ቁጥር ራስጌው ሲጢጥ ይላል። ብሎኑን አጠበቅሁ፣ የምግብ ዘይት ጠብ አደረግሁ፣ ወይ ፍንክች!»

ዘይቱን ይተዉት አባቴ፤ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ከርሞ ይሸታል። ድምፁ የሁለት እንጨቶች መፋተግ ነው። ሰው ራስጌ ላይ ሲደገፍ ከላይ ይገፋል፣ ታች መጋጠሚያው ላይ ግን ጉልበቱ ተባዝቶ ያርፋል። መዶሻ ሚስማር እንደሚነቅለው ማለት ነው። ወደ እንጨት ብቻ የሚገባ ብሎን ይህን አይችልም። ቀዳዳው ይሰፋል፣ ባጠበቁት ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው የሚወጣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ከነዳዶው ያስገቡ። በሁለቱም በኩል ሮንዴላ አይርሱ።

ቦታውን ለማግኘት አንድ ሰው አልጋው ላይ ተቀምጦ ይደገፍ፣ እርስዎ መዳፍዎን መጋጠሚያዎቹ ላይ በተራ ያሳርፉ። ሲጢጥ ሲል የሚነዝረው ቦታ እጅዎ ላይ ይታወቃል። እዚያ ፈትተው የሚነካካውን ገጽ ሻማ ይሹበት ወይም ቁራጭ ቆዳ ጣልቃ ያስገቡ።

«ቁመቱ ስንት ይሁን?»

የሰው ልክ አትቅዱ። ፍራሹ ላይ ሆናችሁ ግድግዳውን ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ አንድ ሰው የራሳችሁን ጫፍ በእርሳስ ያመልክት። ለመደገፍ ከሆነ እስከዚያ ይድረስ። ብዙ ሰው ትራስ የሚሸፍነውን ይረሳና ራስጌው የት ገባ ይላል።

«የዕቃ መጫኛ ፓሌት እንጨት ለመኝታ ቤት ይሆናል?»

ማህተሙን እይ። «ኤች ቲ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉበት በሙቀት ነው የታከመው፤ የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቷል። «ኤም ቢ» ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ታጥኗል፣ መኝታ ቤት አይግባ። ማህተም የሌለውን እኔ አላነሳም። «ኤች ቲ» ሆኖም ላዩ ላይ ምን እንደፈሰሰ አይታወቅም፤ ነጠብጣብ ወይም ሽታ ካለው ይለፍህ። ከመላግህ በፊት ደግሞ ተሰብሮ የቀረ ሚስማር ፈልግ። መላጊያህ ቀድሞ ካገኘው ጥርሱ አለቀለት።

«በተልባ ዘይት ቀባሁት። ሳምንት አለፈው፣ አሁንም ትራሴ ላይ ይታተማል።»

አወፍረሽ ቀብተሽ ሳትጠርጊው ቀርተሻል። የተልባ ዘይት በስሱ ይቀባል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ያልጠጣው በጨርቅ ይጠረጋል። ጥሬው ዘይት ከሆነ ደግሞ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ለእንጨት ቅብ ተብሎ የተዘጋጀው ይሻላል። አሁን በተርፔንታይን በረጠበ ጨርቅ ትርፉን ጥረጊው፣ አየር በሚገባበት ክፍል አቆይው።

ጨርቁን ግን ጠቅልለሽ ጥግ እንዳትወረውሪው! የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል። የተከመረ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ አንድ በአንድ ዘርግተሽ እስኪደርቅ ተይው፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሪው።