«አባትህ ማን ይባላል?»፦ የባህል አጥኚዎች መጠየቅን እንዴት ተማሩ?

[ምስል፦ በመጽሐፍ የተሞላ ክፍል፤ ጠረጴዛ ላይ የተከመሩ ደብዳቤዎች]

ተራኪ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሩቅ ሕዝቦች ባህል ከጻፉት ምሁራን ብዙዎቹ እነዚያን ሕዝቦች በዓይናቸው አላዩም። መጠይቅ አዘጋጅተው ለሚሲዮናውያንና ለቅኝ ግዛት ሹማምንት ይልካሉ፣ መልሱ ሲመጣ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያነጻጽራሉ። «ስለ ነፍስ ምን ያምናሉ?» የሚል ጥያቄ የደረሰው ሚሲዮናዊ ቋንቋውን ገና ካልቻለ፣ ክፍተቱን በራሱ ሃይማኖት ይሞላዋል።

[ካርታ፦ በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ መካከል ያሉ ደሴቶች ይጎላሉ]

እ.ኤ.አ. በ1898 ሰባት አባላት ያሉት የእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ወደ ቶረስ ሰርጥ ደሴቶች ተጓዘ። መሪው አልፍሬድ ሃደን መጀመሪያ የባሕር እንስሳት አጥኚ ነበር። የፊልም ካሜራና በሰም ሲሊንደር የሚቀዳ የድምፅ መሣሪያም ይዘው ነበር። ከሁሉ በላይ ለተከታዮቹ አጥኚዎች የተረፈው ግን ከወረቀትና ከእርሳስ ሌላ ምንም የማይፈልገው የዊልያም ሪቨርስ ዘዴ ነው።

ሪቨርስ ሐኪም ነው። የደሴቶቹን ነዋሪዎች እይታ ሲፈትን፣ ችሎታው በዘር ይተላለፍ እንደሆን ለማወቅ ማን ከማን እንደተወለደ መመዝገብ ጀመረ።

[እነማ፦ ባዶ ወረቀት፤ ስም በተነገረ ቁጥር መስመር ይጨመራል]

የሚጠይቀው በአምስት ቃላት ብቻ ነው፦ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ባል፣ ሚስት። ወንድም፣ አጎት፣ አክስት አይልም፤ እነዚህ ቃላት ከሕዝብ ሕዝብ የሚያቅፉት ዘመድ ይለያያል። ከተጠያቂው ወላጆች ይነሳል። ሌላ ትዳር ነበራቸው? ልጆቻቸውስ በዕድሜ ቅደም ተከተል እነማን ናቸው? እያንዳንዱ ልጅ ማንን አገባ፣ ማንን ወለደ? ከዚያ ወደ አያቶች ይወጣል። የባልን ስም ከሚስት በስተግራ ይጽፋል፤ የወንዶቹ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ነው።

የዘር ሐረጉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሁለተኛው ዙር ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው በስሙ ጠርቶ «ይህን ሰው ምን ብለህ ትጠራዋለህ? እሱስ አንተን?» ይላል። ሁለቱ መልሶች ካልተገጣጠሙ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው። የጋብቻ ደንብም እንዲሁ ነው፤ «ማንን ማግባት ይፈቀዳል?» ከማለት ይልቅ በተጨባጭ ማን ማንን እንዳገባ ከወረቀቱ ይቆጥራል። የዘዴው ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ ግምት፣ እዚህ ላይ ነው።

[ምስል፦ ከሐረጉ ላይ አንድ መስመር ተሰርዞ ወደ ሌላ ቤተሰብ ይዛወራል]

እንቅፋትም ነበረው። ከቶረስ ሰርጥ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በመሬይ ደሴት ጉዲፈቻ በጣም የተለመደ ስለነበር፣ ልጁ «አባቴ» የሚለው አሳዳጊውን ሊሆን ይችላል። የሟችን ስም መጥራት ነውር በሆነበት ቦታ ደግሞ ስሙ የሚገኘው ከሌላ ቤተሰብ ሰው፣ ያውም በስውር ነው። መድኃኒቱ አንዱን ቤተሰብ ከተለያዩ ሰዎች አፍ ደጋግሞ መስማት ነው።

[ካርታ፦ የትሮብሪያንድ ደሴቶች፤ ቀይና ነጭ ቀስቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ]

ሌላው የባህል አጥኚ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ከ1915 እስከ 1918 ባለው ጊዜ ከኒው ጊኒ በስተምሥራቅ ወዳሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ሁለቴ ሄዶ፣ በኦማራካና መንደር ድንኳን ተክሎ ቋንቋውን ተማረ። ኩላ በሚባለው የደሴቶቹ የስጦታ ልውውጥ ቀይ የዛጎል ሐብል በሰዓት አቅጣጫ፣ ነጭ የዛጎል አምባር በተቃራኒው ከደሴት ደሴት ይዞራል። ማሊኖቭስኪ እንዳለው ሙሉውን ሥርዓት ከዳር እስከ ዳር የሚያስረዳ ተሳታፊ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ልውውጥ ለብቻው ጠይቆ ሥዕሉን ራሱ ገጣጠመ። (ሥዕሉን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለቱ ትዕቢት ያለበት ይመስላል፤ ከሞተ በኋላ በ1967 የታተመው የግል ማስታወሻውም በሰዎቹ ላይ ብዙ ይነጫነጫል።)

[ምስል፦ የከብት በረት፣ ጭስ፣ ንጋት]

መጠየቅ ራሱ የማይሠራበት ጊዜም አለ። እንግሊዛዊው የባህል አጥኚ ኤድዋርድ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1930 ሱዳን ውስጥ ወደ ኑዌሮች ሲሄድ፣ የእንግሊዝ አስተዳደር በጦር ኃይል ካጠቃቸው ገና አልቆየም ነበር። ስም ሲጠይቅ «ለምን ፈለግኸው?» ይሉታል፤ የጎሳ ስም ሲጠይቅ ደግሞ ጭራሽ ይሸሹታል። የሪቨርስ ወረቀት እዚህ ባዶውን ይቀራል። በደስታ የሚያወሩት ስለ ከብት ነበርና እሱም የላሞቹን መልክና የቀንዳቸውን ቅርጽ ስያሜ አጠና፤ በረቱ አጠገብ እየዋለ፣ ማን የማንን ከብት እንደሚያልብና ለጥሎሽ ማን ስንት እንደሚሰጥ እያየ ዝምድናውን ከዚያ አወጣው።