ዝውውር ሲመጣ ክራሩንም አስቡት

ውድ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ልጆቹ ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ስለ አንድ ነገር ላዋያችሁ። ስለ ሥራ ዝውውር ነው።

እዚህ መሃል አዲስ አበባ ሙዚቃ የምናስተምር ሰዎች ነገሩን በደንብ እናውቀዋለን። አባት ባንክ ይሠራል፤ ድሬዳዋ ይመደባል። እናት መሐንዲስ ናት፤ ፕሮጀክቱ ጅግጅጋ ይሆናል። ደብዳቤው ዛሬ ይመጣል፣ በሳምንቱ ዕቃ ይጫናል። የእንጀራ ጉዳይ ነውና ማንንም አልወቅስም። ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ልጁ ነው። የትዝታን ቅኝት ጨርሶ የባቲን ቅኝት ሊጀምር የነበረ ልጅ ድንገት ይቀራል። ጓደኞቹ "የት ሄደ?" ይሉናል። የምንመልሰው የለንም።

እባካችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ያለቅስ ይሆናል፤ ያልቅስ። መምህሩን ይሰናበት፣ ከጓደኞቹ ጋር አንዴ ይጫወት።

"እዚያ ሌላ እንገዛልሃለን" አትበሉት። ጣቱ የለመደው ይሄንን ክራር ነው። ጭነት መኪና ላይ አይውጣ፣ ከልጁ ጋር ይሂድ። ከመንገዱ በፊት ክሮቹን ላላ አድርጉለት። ቆዳ የለበሰ ከሆነ ደግሞ ሞቃትና ደረቅ አገር ሲደርስ ቆዳው ይወጠራል፣ ድምፁ ይለወጣል። ይህን ያልነገሩት ልጅ "ተበላሸብኝ" ብሎ ይደነግጣል። ክራሩን ራሱ መቃኘት እንዲችል እናስተምረዋለን፤ ለዚህ ጥቂት ቀን ብቻ ስጡን።

አንዳንዱ ወላጅ "ልጅ ነው፣ ይለምዳል" ይለኛል። ፒያኖ ተጫዋቿንና የሙዚቃ ደራሲዋን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቧቸው። አዲስ አበባ ተወልደው በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተላኩ። ቫዮሊን የተማሩት እዚያ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ ከቤተሰባቸው ጋር ጣሊያን ወዳለው አሲናራ ደሴት ተጋዙ። ከጦርነቱ በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን ባለሙያ ከኮንቶሮቪች ዘንድ ቫዮሊን ተማሩ። እኔ ከዚህ ታሪክ የማየው የልጅን መልመድ አይደለም። ስዊዘርላንድም ካይሮም የሚያስተምራቸው ሰው ነበር።

ስለዚህ በሄዳችሁበት ከተማ ቤት ስታፈላልጉ መምህርም አፈላልጉ። የባህል ቡድን ካለ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በገና የሚያስተምር አይጠፋም። ሰው እስክታገኙ ድረስ ልጁ የተጫወተውን በቴሌግራም ይላክልን፣ እየሰማን እናርመዋለን። ኔትወርክ ቢያስቸግርም የድምፅ መልእክት ይደርሳል።

ዛሬ ከሚጫወቱት ልጆች አንዷ በሚቀጥለው ሳምንት ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሐዋሳ ትሄዳለች። ወላጆቿ ደብዳቤው እንደደረሳቸው ነግረዋት፣ ለእኛም ደውለውልናል። ይህን ዝግጅት ሳትጫወት እንዳትሄድ ብለው ጉዞውን ለጥቂት ቀን አዘግይተዋል። ከልብ አመሰግናችኋለሁ።

የመጀመሪያዋ ተጫዋች እሷ ናት። በአምባሰል ቅኝት ትጀምርልናለች። በጭብጨባ ተቀበሏት!